ተራ

አስፋልቱ ሲያበቃ፣ ከኮዬ ፈጬ ጫፍ፣
ቀለም ያልነካው ብሎኬት ከቆመበት ደጃፍ፣
ከንጋቱ አስራ አንድ ላይ አለሁ እንደ ልማዴ፣
ፊሽካዬ አንገቴ ላይ፣ ደብተሬ ከክንዴ።

ስሜ ዘርጋው ነው። ሥራዬ ተራ ማስከበር፤
አስራ ሁለት ሰው ቆጥሮ ታክሲ ውስጥ መክተት ነበር።
«ቃሊቲ! ሳሪስ!» ስል፣ ድምፄ ከፎቅ ፎቅ እየተጋጨ
የስንቱን ኮንዶሚኒየም እንቅልፍ በአጭር ቀጨ።

አሁን የለም።

ጉሮሮዬ መጀመሪያ ዳቦን አላሳልፍ አለ፤
ቀጥሎ ገንፎን፣ ከዚያ ውሃን፣ እንደ ዘበኛ ከለከለ።
ድምፄን ግን አልከለከለም። ወሰደው።

ሰፈሩ «ያ በሽታ» አለው በሹክሹክታ፣ አንገት ደፍቶ፣
ስሙን የጠሩት እንደሆን የሚመጣ ይመስል ሰምቶ።
«ጨጓራ ነው በላቸው» አለች አስካለ፣ ነጠላዋን ነክሳ፤
እኔ ግን ካርቶን ለመንኩ፣ ማርከር ተዋስኩ ከባለሱቁ ካሳ።
ጽፌ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት፦

«ካንሰር ነው።
አይተላለፍም።
ተራ ጠብቁ።»

አንዱ ከንፈሩን መጠጠ። አንዷ ጸበል ነገረችኝ።
አንዷ እስከ ቱሉ ዲምቱ በእግሯ ሄደች፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሸሸችኝ።
አንድ ተማሪ ልጅ ብቻ፣ ካርቶኔን አንብቦ ሲጨርስ፣
«ጋሼ፣ አንድ ፊደል ጎድሏል» ብሎ ሞላልኝ በእርሳስ።
ሳቅኩ። የሳቀው ትከሻዬ ነው።

ሆስፒታሉ ሌላ ሰልፍ ነው፤ ተራ አስከባሪው ወረቀት፤
ከጅማ የመጣ፣ ከባሌ የመጣ፣ ፌስታሉን ተንተርሶ ከበሩ ፊት።
ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፣ ሁለት ሌሊት ያልተኛ፤
ብዕሩን እንደያዘ ያሸልባል እስኪገባ ሌላ በሽተኛ።
«ለጨረር ያለው ቀጠሮ» አለ፣ «ለሰኔ።»
ጥቅምት ነው። በጣቴ ቆጠርኩ፤ ጣት ይተርፋል፣ ዕድሜ እንጃ ለኔ።
«እስከዚያስ?» ብዬ ጻፍኩለት።
ግድግዳ አየ፣ መስኮት አየ፤ እኔን ሳያይ ብዙ ቆየ።

አልፈረድኩበትም። ታክሲ በሌለበት ሰልፍ ፊት መቆም አውቃለሁ፤
ዝናብ የመታው ሰው የሰደበኝን ስንቱን ስድብ ጠጥቻለሁ።

ማታ ማታ ሕመሙ ሲነሳ፣ ሞርፊኑ «አልቋል» ተብሏል፤
አስካለ ጀርባዬን ታሻለች፤ ከላይ ፎቅ ሰው ሚስማር ይመታል።

ሲስተር ብዙአየሁ አወቀችኝ። ብሎክ አርባ ሁለት ነው ቤቷ፤
ስንቴ አሳፍሬያታለሁ በማለዳ፣ ሳይረፍድባት ተረኛነቷ።
«ካርድህን አምጣ» አለች ቀስ ብላ፤ «ማክሰኞ ና። ሰው አይወቅ።»
እኔ፣ ተራ የዘለለ ጎረምሳ በኮሌታው የማንቅ፣
ነፍሰ ጡር ካልሆነች በቀር ለባለሥልጣንም የማልለቅ፣
ካርዴን ሰጠኋት።

ማክሰኞ ሄድኩ። ከኋላዬ ስንት ሰው እንዳለ አልቆጠርኩም።
በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰልፍ አይቼ አልቆጠርኩም።
ማሽኑ ቆሞ ነበር።
ዕቃ ይመጣል ተባለ። መቼ እንደሆነ ያወቀ የለም።

ረቡዕ ጠዋት ካርቶኑን ገለበጥኩና በጀርባው ጻፍኩ፦

«ትናንት ሆስፒታል ተራ ዘለልኩ።
ማሽኑም ተበላሽቷል።
ይቅርታ። ተራ ሰው ነኝ።»

ማን እንዳሳለፈኝ አልጻፍኩም።
ሲስተር ከሰልፉ ውስጥ ሰባተኛ ነበረች፤ ጫማዋን ታያለች።
ሰልፉ ዝም አለ። ከንፈር የመጠጠ እንኳ ጠፋ።
ኦቦ ደቀባ፣ ያ ብሎክ የቆመበት እርሻ የሳቸው የነበረው፣
ከዘራቸውን መሬት ላይ ሁለቴ መቱና
«ተራ እንደሆነ ለማንም አይቀርም» አሉ፤
«ይልቅ ታክሲው መጣ። ቁጠር።»

ቆጠርኩ። ትከሻ እየነካሁ፣ አንድ፣ ሁለት፤
ሰባተኛዋ ላይ እጄ ትንሽ ዘገየ።
አስራ ሁለት። በሩ ተዘጋ።
ፊሽካዬን አፌ ውስጥ ከተትኩ፤
ፊሽካ ድምፅ አይጠይቅም፣ ትንፋሽ ብቻ፤
እሱ ገና አለኝ።

አስራ ሦስተኛው ሰው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተጠጋ።