ከወይኑ እስከ መስኮቱ

«ጥያቄ አርባ አንድ፦ ከልጅሽ መኝታ እስከ ወይኑ ማሳ
ስንት ሜትር ይሆናል?» አልኋት፣ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሳ።
«ግምትም ይበቃል።» እሷ ግን አልገመተችም፤
በቤት ጫማዋ ወጣች፣ እርጥቡን ሣር አልፈራችም፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች
ሠላሳ አራት ላይ ቆመች፣ እጇን ሰዳ ቅጠል ያዘች።
«ጻፊ» አለችኝ ከዚያው ሆና፤
«ሠላሳ አራት። ነፋስ ሲነሳ ግን ያጥራል እንደገና።»

ሥራዬ መጠየቅ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፣
የየሰዉ ማእድ ቤት ወንበር እንደ ዘመድ ለመደኝ።
ሰማያዊ እስክርቢቶ፣ ሃያ ስምንት ገጽ ወረቀት፣
«አላውቅም» ለሚል መልስ በየመስመሩ ጠባብ ቤት።
ከቦርዶ የሰዓት መንገድ ነው፤ መንደሩ በወይን የታጠረ።
ባዚል አምስት ዓመቱ ነው፤ ደሙ ከታመመ ዘጠኝ ወር ተቆጠረ።

በእርግዝናሽ ወራት የጉንዳን መርዝ ረጭተሻል?
ቤታችሁ ቀለም ተቀብቷል? ጋራዡ ከሳሎን ይገናኛል?
የጉድጓድ ውሃስ? በመንገዱ ከባድ መኪና ያልፍበታል?

እኔ ለጥናት ጠየቅሁ፤ ሶሌን እንደ ክስ ሰማችው።
ጉንዳኑ ትዝ አላት፣ በሰባተኛው ወር የፈጀችው፤
የክፍሉ ቀለም ትዝ አላት፣ እያንጎራጎረች የቀባችው፣
ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ሁለት ጊዜ የደረበችው።
«ታዲያ እኔ ነኝ?» አለች።

ይህ ጥያቄ ቁጥር የለውም።
ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ዛሬም መልሱን አላጠናሁም።

«አንሶላው ገመድ ላይ ነበር» አለች ከዝምታ በኋላ፣
«ዝሆን የተሳለበት፣ የሱ የሕፃን አልጋ አንሶላ።
ግንቦት ነው፣ ገና አልነጋም፤ ትራክተሩ መብራቱን አብርቶ
ሲረጭ አየሁ በመስኮት፣ ጉሙ ወደኛ ተንሳፍፎ መጥቶ።
ሰማያዊ ነበር። ያምር ነበር። ‹እይ› ብዬ ልጄን አሳየሁት።
ነጂው? ወንድሜ ነው። እጁን አወዛወዘ፤ እኔም አወዛወዝሁለት።»

ስለ ወንድም የሚጠይቅ ገጽ የለኝም፤
ለባንክ ዕዳው፣ ለተቀደደ ጓንቱ መስመር አልተሰጠኝም።

ከጠረጴዛው ስር ባዚል፦ «እኔንስ ለምን አትጠይቂኝም?»
«ምን ልጠይቅህ?»
«ስንት ቀንድ አውጣ እንዳለኝ።»
«ስንት አለህ?»
«ዘጠኝ። አንዱ ግን ሄዷል። እሱንም ጻፊልኝ።»

በገጹ ጠርዝ ጻፍሁት።

ሐሙስ ሌላ ቤት ሄድሁ፤ ለንጽጽር በዕጣ የወጣ፣
ፔሪን የምትባል እናት፣ ሳቋ ቀድሟት ደጅ የሚመጣ።
ከወይኑ እስከ መስኮቷ ሃያ አንድ እርምጃ። ያው ነፋስ፣ ያው ትራክተር፤
ያው የጉንዳን መርዝ በመደርደሪያው፣ ከሳሙናው ጋር ሲደረደር።
ልጅቱ አኑክ ያልታጠበ ወይን በከንፈሯ እየፈለቀቀች
ዛፍ ላይ ነበረች።
ጤነኛ። ጉልበቷ ብቻ ተልጧል።
ደስ አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ተናደድሁ።
በማን? እንጃ።

አለቃዬ እንደሚለው፣ ሺህ ቤት ሲደመር ነው ቁጥር አፍ የሚፈታ፤
«ምናልባት ትንሽ ከፍ ይላል» ይላል፣ በዝግታ፣ በእርጋታ።
አንዱን በር አንኳኩቶ ሲገባ፣ ከአንዲት እናት ፊት ሲቆም ግን
ዲዳ ነው። ጫማውን ያያል።

አመሻሽ ላይ ስልኬ ጮኸ። ሶሌን ነበረች።
«አርባ አንድን አስተካክይልኝ» አለች።
«ባዚል ‹እኔም ልቁጠር› ብሎ በራሱ እርምጃ ለካው፤
አርባ ስድስት ድረስ ሄደ፣ እዚያ ላይ ድካም ያዘው።
ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ወይኑ ጋ ገና አልደረሰም።
ስንት ብለሽ ትጽፊያለሽ?»