ቀጭኗ መርፌ

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ጠባሴ ሲነጋ፣
ውርጩ እንደ ጨው ደቅቆ ቆርቆሮው ላይ ረጋ።
ከሱቄ በር ቆሞ አገኘሁት አንድ ሰው፤
ከመሐል ሜዳ ነው፣ መምህር አጥላባቸው፣
ባና ጠቅልሎበት፣ ሕፃን የመሰለ አቅፎ በደረቱ።
ላፕቶፕ ነው ሲፈታው።
"እይልኝ" አለኝ፤ "ገደለኝ መዘግየቱ።

የስምንተኛ ክፍል ውጤት እደምራለሁ፤
አንዷን ቁጥር ጽፌ ሌላዋን እስክጽፍ ጸሎት አደርሳለሁ።
ትናንት ዳዊት ደገምኩ ፋይሉ እስኪከፈት፤
ዓርብ ወላጅ ይመጣል፤ ምን ልበል የዚያን ለት?"

ከፈትኩት። ለካሁት።
በሁለት ነጥብ ስድስት መሮጥ የሚገባው
ከዜሮ ነጥብ ስምንት ፈቀቅ አይልም፣ ቸንክረው እንዳቆሙት ሰው።
ሙቀቱን አየሁት፤ ሠላሳ አንድ ዲግሪ። ከእጄ ይቀዘቅዛል።
ታዲያ ምን አቃጥሎት እግሩን ይጎትታል?

ደንቡ ይታወቃል፤ ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ሊያድን ያዘግማል፤
ጣርማበርን የሚወጣ አሮጌ አይሱዙ፣ ውሃው እንዳይፈላ ማርሽ ይቀንሳል።
ይኼ ግን ሜዳ ላይ፣ በብርድ፣ ባዶውን ቆሞ ያለከልካል።

ማራገቢያውን ነፋሁ፤ የባና ፀጉር ወጣ፣ የጠመኔም ብናኝ።
ፔስቱ ደርቆ ሰም ሆኗል፤ ሰሙን ፋቅሁ፤ ወርቁ ግን አልታየኝ።
አዲስ ቀባሁ። ያው ነው።
የኃይል ምርጫውን እስከ ጥግ ገፋሁት። ያው ነው።
ባዮሱን ወደ ነበረበት መለስኩ። ያው።
ዊንዶውስ እንደ አዲስ ስጭን መብራት ሁለቴ ሄደ፤
ባትሪው ከሞተ ቆይቷልና ሁለቴ ከሀ ጀመርኩ።
መምህሩ ዘመድ ቤት አድሮ መጣ። ደግሞ አድሮ መጣ።
አይጠይቀኝም፤ በሩ ላይ ቆሞ እጁን ያሻል።

ትርንጎ የሣሲቷ ሁለት ዓመቷ ነው እኔ ጋ ስትሠራ፤
አንዷን ብሎን ሦስቴ ትቆጥራለች፤ ቆጥራም ፈራ ተባ፣ ፈራ ተባ፣ ፈራ።
ዝግተኛ ናት እላለሁ፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ።
ደመወዟን ቀን አላሳልፍም፤ ምሳዋም ከእኔ ነው፤
የሱቁ ቁልፍ ግን ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም።

እሷ ናት ያለችው፣ በሦስተኛው ቀን፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፦
"ጋሼ፣ ሲነሣ የሚጽፈው ነገር ምንድን ነው?
እርስዎም መምህሩም ሳያነቡ ተጭነው የሚያልፉት።"

አነበብኩት።
ቻርጀሩን ላውቀው አልቻልኩም፣ ይላል።
ስንት ጊዜ ብሏል?

አፉን ገልብጬ በባትሪ አየሁት። ዙሪያው ደህና ነው፤
ኮረንቲ የሚሄደው በዚያ ነው።
መሐሉ ላይ፣ ከፀጉር ጥቂት የምትወፍር መርፌ
ጎብጣ ተኝታለች።
እሷ ኃይል አትሸከምም፤ የምታደርሰው አንዲት ቃል ነው፦
እኔ ነኝ፤ የራስህ ነኝ።
ቃሉ ካልደረሰ ኮረንቲው ቢትረፈረፍም ማሽኑ አያምንም፤
በማያውቀው እጅ እንደሚጎርስ እንግዳ
እየበላ ይሰጋል፤
እየሰጋ ያዘግማል።

ከመደርደሪያው ሌላ ቻርጀር አውርጄ ሰካሁ።
ቁጥሩ ዘለለ፤ መምህሩም አብሮት ዘለለ፤
ሒሳቡን ስነግረው አልተከራከረም።
"ባናውን መንገድ ላይ አልብሰው" አልኩት፤ "ሲሠራ ግን ግለጥለት።"
የሰማኝ አይመስለኝም። እስከ አንገቱ ጠቅልሎት
ለስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ ሮጠ።

ሲመሽ የደብረ ብርሃን ንፋስ በሩን ይገፋ ጀመር።
ትርንጎ በማግኔት ከወለሉ ላይ ብሎን ትለቅማለች፤
ብሎኖቹን በየመጠናቸው ትለያለች፤ ሰርቃ ታየኛለች።
ኪሴ ቀኑን ሙሉ ከብዶኝ ነው የዋለው።

"ነገ አንቺ ክፈቺ" አልኳት።

አልመለሰችልኝም።
መዳፏን ዘርግታ ተቀበለችኝና፣
መብራቱ ሥር ቆማ
ቁልፉን ሦስቴ ቆጠረችው።
አንድ ቁልፍ ነው።