የመስታወቱ ወዲያ ወገን

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤
አባቴ ያለው ነው፣ ለደጋ ይሠራል።
እዚህ ሻርጃ ላይ ግን፣ ነሐሴ ሲገባ፣
ንጋት የሚመጣው ጉም ደርቦ እንደ ካባ፣
የፎቁ መስታወት ላብ ነው የሚያነባ።

እኔ በገመድ ላይ፣ ሃያ ሦስተኛ ፎቅ፣
አንድ እጄ ጨርቅ ይዞ፣ አንዱ ገመድ ሲያንቅ፣
ሥራዬ ማጥራት ነው፣ ሌላ ሙያ አላውቅ።

ማታ ከሮላ ጀርባ፣ ስምንት ሰው ባንድ ክፍል፣
ስምንት ስልክ ይበራል ጨለማውን ሊከፍል።
ሩዙ ባንድ ትሪ ነው፣ ጨውም ባንድ ማንኪያ፣
ዜናው ግን ለየራስ፣ በየጆሮ መሰኪያ።

አንድ ወሬ ነበር ያን ሰሞን የመጣ፦
በኛ በሾላ ምንጭ ጥይት ሌሊት ወጣ።
ዳኛቸው ሲከፍት፣ «ጠላት ተደመሰሰ»፣
ጉተማ ሲከፍት፣ «የንጹሕ ደም ፈሰሰ»፣
ኪሮስ በማዳመጫ ጆሮውን ወትፎ
የራሱን ይሰማል፣ አልጋው ላይ ታጥፎ።
በአንዱ አርባ ሰው ሞተ። በሌላው አራት ብቻ።
በሦስተኛው ማንም፤ ደሙም የቀለም ብልቃጥ፣ ሟቹም የቴአትር ሟች።
ፎቶው ግን አንድ ነው፦ ያው የሚነድ ጣራ፣
ለሦስቱም ቻናሎች የሚነድ በተራ።

እኔም አላመልጥም። እኔም የማምነው አለኝ፤
ዜናው ሲጥመኝ ነው እውነት የሚመስለኝ።
ሲመረኝ፣ «ማን አለ? ምንጩስ ማነው?» እላለሁ፤
ሲጣፍጠኝ ግን ሳላላምጥ እውጣለሁ።
ባለፈው ጥቅምት ወር፣ አንዱ አቅራቢ ሲያለቅስ፣
መቶ ድርሃም ላክሁለት፣ የኔንም እንባ እስካብስ።
በማግስቱ አየሁት ያንኑ እንባ ሲደግም፣
በአዲስ ከረባት፤ ብሬን ግን አልጠየቅሁም።

ሦስት ቀን ኔትወርክ የለም። በአራተኛው ማታ
አክስቴ ድንቅነሽ አነሳች፣ ቃሏን እንደ ጨው ለክታ።

«ማነው የተኮሰው?»
«ጨለማ ነበረ።»
«ስንት ሰው ሞተ?»
«እኔ የቀበርኩት አለነን ነው፣ ባለወፍጮውን።
አንድ ጫማው ደጁ ላይ ነበር፣ አንዱ አልተገኘም።
አህያዋ ብቻዋን ገባች፣ ያልተፈጨ እህል እንደተጫነች።
ከወንዙ ማዶም ለቅሶ ሰምቻለሁ፤
አልተሻገርኩም። ስንት እንደሆኑ አላውቅም።
ያላየሁትን አላወራም፣ ልጄ።
በል ካርድህ እንዳያልቅ።»

ዘጋች። ነገሯ ቤት አይመታም። ለመፈክር አይመችም።

ክፍሉ ተነሣብኝ፦ «ምን አለች? ምን አለች?»
«አለነ ሞተ» አልኩ፤ «አህያዋ ተመለሰች።»
ዳኛቸው ከላይ አልጋ አንገቱን አስግጎ፣
«ወገኑ ማን ነበር?» አለኝ፣ ለማልቀስ ፈቃድ ፈልጎ።

«የሁሉን ፈጭቷል» አልኩ፣ «የማዶውን ጤፍ፣ የወዲሁን ማሽላ።
ሲመዝን ግን እጁ ይከብድ ነበር፤ እሱንም አልደብቅም።»

ጉተማ ስልኩን በአፉ ደፋ።
ኪሮስ አንድ ጆሮውን ከፈተ።
አንዱን ብቻ።

ማለዳ በገመዴ ላይ፣ አንዲት ነጥብ ጭቃ
ባሻት፣ ባሻት፣ አልለቅ አለች፣ በቃ።
ሳሙና ጨመርኩ። በጥፍሬ ፋቅኋት። ሰደብኳት።
ከውስጥ በኩል አንዲት ጽዳት ሠራተኛ፣ የኔፓል ሴት፣
ቆማ ታየኝ ነበር፣ ጣቷን ወደኔ ቀስራ፦
ያንተ ናት።
እኔም ጣቴን ቀሰርኩ፦ ያንቺ ናት።
በመሐላችን የአንድ ጣት ውፍረት የማይሞላ መስታወት።
ደቂቃ ያህል ተካሰስን፣ ድምፅ በሌለው ቋንቋ።
ከዚያ እሷ ጨርቋን አረጠበች።
እኔም የኔን።
መዳፍ ለመዳፍ ገጥመን አንዲቱን ቦታ አሸን፣
ብርዱ ከሷ፣ ወበቁ ከኔ።

ጭቃዋ ከየትኛው ወገን እንደለቀቀች
እስካሁን አላውቅም፤
ያላየሁትን አላወራም።
ገመዴን ላላ አድርጌ
ወደ ሃያ ሁለተኛው ወረድኩ።