አራተኛው ሳጥን

እሁድ ከሰዓት። ሽምብጥ፣ የኪራይ ቤቴ።
በካርቶን ተደግፎ የቆመ ጠረጴዛ፣
አዲስ የቀረጽኩት እርሳስ፣
በማስመሪያ የተሰመሩ አራት ሳጥኖች
(ሦስተኛው ትንሽ ቢንጋደድም)።
አታሚው እንየው "ነገ በጠዋት ካላደረስክ
የልጆቹ ገጽ ባዶውን ይወጣል" ብሎኛል።
ባዶ ገጽ፣ እሱ እንደሚለው፣
እንደ ወለቀ ጥርስ ነው፤
ሌላው ሠላሳ አንዱ ቢያምር
ሰው የሚያየው የጎደለውን ነው።

በአንደኛው ሳጥን ጉማሬ ከጣና ይወጣል፤
እምቦጩን እንደ ሻሽ ራሱ ላይ ጠምጥሟል።
በሁለተኛው አስፋልት ዳር ቆሟል፤
አጭር የፊት እግሩን አንስቶ ባጃጅ ይጠራል።
በሦስተኛው —

በሦስተኛው ድመቴ መጣች።

ቀረሶ ትባላለች።
አስጋሪዎቹ ጋ፣ ከሚዛኑ ስር፣
ከራሷ የሚተልቅ የቀረሶ ጭንቅላት ታቅፋ
ተኝታ ነው ያገኘኋት፤
ስሙም እዚያው ወጣላት።
አሁንም አላስፈቀደች፤
ልክ ባጃጁ ሊቆም ከነበረበት
ክብ ሠርታ ተኛች።
አነሳኋት፤ ተመለሰች።
አነሳኋት፤ በመስኮት ዞራ ተመለሰች፣
ያንኑ ቦታ፣ አንዲት ጣት ሳትስት፣
ካርታ አውጥታበት፣ ግብር የምትገብርበት ይመስል።
ላጲሴን በእግሯ ገፋ፣
ቆም ብላ አየት አደረገችኝ፣
ደግሞ ገፋ —
ጠብ።

ምን አደርጋለሁ? ዙሪያዋን ሣልኩ።
በተነፈሰች ቁጥር ወረቀቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤
ባጃጄም ኮብልስቶን ላይ እንደሚሄድ ይንገጫገጫል።
ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ጉማሬውን ያየዋል፤
"የሦስት ሰው ትከፍላለህ" ይለዋል።

ሃምሳ አለቃ ደግሞ ደጅ ላይ ይጮሃል።
የዛሬ ጠላቱ ይብራ ነው፤
በጣና ሰማይ የሚያልፍ ሁሉ
መጀመሪያ ለሱ ማመልከት ያለበት ይመስለዋል።
"ዝም በል!" ስለው ዝም ይላል፣
እስከ አምስት ይቆጥራል፣
ይቀጥላል።
ለቡችላ የወታደር ማዕረግ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤
ማንን እከሳለሁ?
እህቴ ታክላ ትደውላለች፦
"ምንድነው ይሄ ጩኸት? ሰው የለህም እንዴ ቤትህ?"
"ሞልቷል" እላታለሁ፤
"የምቀመጥበት ነው ያጣሁት።"

መሸ። መብራት ሄደ።
ቀረሶ ከቦታዋ ስላልተነሳች
አራተኛውን በሌላ ቁራጭ ወረቀት፣ በሻማ ሣልኩት።
እና ጥሩ ነበር። እውነቴን ነው።
ብቻዬን፣ በጨለማ፣ ጮክ ብዬ ሳቅሁ።
ቀለሙ ይድረቅ ብዬ ወንበሩ ላይ አኖርኩት፣
እጄን ልታጠብ ወጣሁ።

ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው።
ሃምሳ አለቃ አጠገቡ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣
ግዳጁን እንደፈጸመ፤
ምላሱ ሰማያዊ።

እንደገና ልሣለው ሞከርኩ፤ እጄ ከዳኝ።
ጉማሬው ምን ነበር ያለው? ከፈለ? ተሳፈረ?
አስጋሪዎቹ ልክ ናቸው፤
ከመረብ ያመለጠ ዓሣ ሁሉ ትልቅ ነው።

የጎረቤት ልጅ መክሊት የተዋሱትን ሻማ ልትመልስ መጣች።
በድመቷ ጅራት ላይ ተንጠራርታ
ሦስቱን ሳጥን በጣቷ እየተከተለች አነበበች።
"ከዚያስ?"
"የለም።"
"አልጨረስከውም?"
"እኔማ ጨርሼው ነበር።
ከዚያ ሃምሳ አለቃ ጨረሰው።"
ምላሱን አየች።
አየችኝ።
ሳቋ ሻማውን ሊያጠፋው ትንሽ ቀረ፤
ቀረሶ እንኳ ቀኑን ሙሉ ያልተወችውን ርስት
ተናዳ ለቃ ሄደች።

በነጋታው ለእንየው የላክሁት ሦስት ሳጥን ነው፣
በአራተኛው ባዶ ውስጥ አንዲት መስመር ጽሑፍ፦
"ይህንን ሃምሳ አለቃ ጨርሶታል።"

ከሰዓት ስልክ ደወለ።
"ወድጄዋለሁ፤ ግን ይሄ ሃምሳ አለቃ የምትለው ሰውዬ፣
የሠራው ሩቡን ነው አይደል?
ክፍያውን ልጽፍ ነበር፣ የአባቱን ስም ንገረኝ።"

ዞር ብዬ አየሁት።
በሰማዩ ይብራ እያለፈ ነበር፤
ሥራ ላይ ነው።