ከወገብ በላይ

ከሰል ያጠቆረው ያ የጡብ ፎቅ ላይ፣
ስቱዲዮ ይሉታል፤ ከኩሽና አይሰፋም ገብቶ ለሚያይ።
አንድ ጠረጴዛ አለ፣ እግሩ የሚነቃነቅ፣
ጋዜጣ አጥፈን ካልደገፍነው የሚወድቅ፤
ከኋላው ሥዕል ነው፤ የኦስትራቫ ወንዝና ድልድዩ፣
ቀለሙ ለቅቆበት፣ እጣቢ መስሎ ሰማዩ።

ዝቢኔክ እዚያ ነው።
ሃያ ዘጠኝ ዓመት፣ ከዜናው በኋላ፣ ከአየር ጠባዩ በፊት፣
ስድስት ደቂቃ ናት የደረሰችው መሬት።
አረንጓዴ ክራባት፣ ኮቱ የተተኮሰ፣
ከጠረጴዛው ሥር ግን ጉልበቱ ላይ የሳሳ ሱሪ የለበሰ።

ካሜራ ያዡ እኔ፣ ለትምህርት መጥቼ እዚያው የቀረሁት፣
ቋንቋውን ከመምህር መች በቅጡ ተማርሁት?
«አንድ ለባዶ»፣ «ሦስት አቻ» ሲል ከሱ አፍ ነው የለቀምሁት።

ታላላቆቹንማ ፕራግ ያውራላቸው፤
እሱ የሚጠራው
የጉድጓድ ቆፋሪውን የእሁድ ቡድን፣
የእሳት አደጋውን፣ የዳቦ ጋጋሪውን ማኅበር፣
አሥራ አንድ ሞልተው የማያውቁትን፣
ተመልካቻቸው አንድ ውሻና የበረኛው ሚስት የነበር።
«ሰማንያ ዘጠነኛው ላይ ተቀይሮ ገባ፤ ኳስ አልደረሰውም» ይላል፤
ያ ልጅ ግን እናቱን ጠርቶ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተተክሏል።

ከተማው የሚያየው ከወገብ በላይ ነው፤
ከአንገት በላይ ግን አንድ ቀን አላወራም፤ ከአንጀቱ ነው።

በአንድ የጥቅምት ምሽት ወረቀት መጣለት፣
የሴቶች ጨዋታ፣ ሰባት ለባዶ ውጤት።
በረኛዋን ጠራ፤ «ሊቡሼ» አለ፣
የገዛ ያባት ስሙን አስከተለ።
አልዘለላትም። አላቃለለም።
በጆሮ ማዳመጫው ስንጥቅ ፈለግሁ በድምፁ፣ የለም።
«ሰባት ገብቶባታል፤ አሥራ አንድ አድናለች።»
ገጹን ገለበጠ፤ ወደ ቼዝ።
አሥራ አንዱን ማን ቆጠረ?
ወረቀቱ ላይ አልነበረ።
እሱ ነው፣ ሜዳው ዳር፣ ዣንጥላ ረስቶ፣
በጣቱ ቆጥሮ፣ ጣቱ ሲያልቅ ከአንድ ጀምሮ ደግሞ ገብቶ።

ከዚያ ሰው ተሾመ፣ ግራፍ የሚያነብ።
ስድስቱ አራት ሆነ፣ አራቱ ሁለት፤
ወንዝ ዳር እንዳለ ማሳ፣ ክረምት በክረምት
ተሸረፈበት።
ዳቦ ጋጋሪዎቹ ወጡ፤ ቼዙም ወጣ፤
በመጨረሻም እሱ ራሱ ተራው መጣ።

ሰኔ ነው፣ ዓርብ ማታ። ውጤቱን ጨረሰ።
«ደህና እደሩ» አለ፤ እንደ ሁልጊዜው፣ ሳያለቅስ፣ ሳያስለቅስ።
እዚህ ላይ ማጥፋት ነበረብኝ፤ ደንቡ ነው።
እጄን ምን እንደያዘው አላውቅም።

ተነሣ።
ማንም ቆሞ አይቶት አያውቅም በዚያ ከተማ።
ግራ እግሩ አጭር ነው፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣
ጭቃ ሜዳ ላይ ተሰብሮ፣ ጠምሞ የገጠመ አጥንቱ፤
ኳሱን ያኔ ነው የተወው፣ ወሬውን ያኔ ነው የያዘው።
ካሜራዬን አዞርሁ፤ ዝቅ አደረግሁ፤ ተከተልሁት፤
እያነከሰ፣ ሱሪው እየተንዘላዘለ፣ እስከ በሩ ሸኘሁት።
የአየር ጠባይዋ ልጅ በጥፍሯ ቆማ ጠበቀች።

በማግስቱ ስልኩ አላረፈም።
«ያነክሳል እንዴ? ይህን ሁሉ ዓመት?»
አንዲት አሮጊት ተቆጣችኝ፤ «ምነው አስነሣችሁት?»

ማታ እሱ ደወለ። ምስጋና የለ፣ ወቀሳ የለ።
«ስንት ሰከንድ ነበር?» አለ።
«አሥራ አራት» አልሁት።
ጥቂት ዝም አለና፣
«የባከነ ሰዓት» ብሎኝ
ስልኩን ዘጋ።