አርባ አምስት ድርሃም

«ተነሺ!» አለች ሙፊዳ፣ «ዓርብ አይደለም ወይ ዛሬ?
ሲኒማ ገብተን እንየው፣ ያን ሲበር የሚውል አውሬ።»
ሐምሌ ነው ሻርጃ ላይ፤ መንገዱ ሶል ያቀልጣል፣
ብር የሌለው እንኳ ኤቲኤም ቤት ገብቶ ይቀመጣል።
እሺ ብዬ ወጣሁ። አርባ አምስት ድርሃም ከፈልኩ።
(አርባ አምስት! በልቤ ወደ ብር መነዘርኩ፣
መንዝሬ ደነገጥኩ፣ ደንግጬ ዝም አልኩ።)
ፈንዲሻው ሃያ ስምንት! ኧረ የበቆሎ ያለህ!
ሐርቡ ገበያ በዚህ ዋጋ ማሳውን ከነበሬው ትገዛለህ።

መብራት ጠፋ። መጣ።
ጀግና የተባለው ጎረምሳ፣ ቀይ ካባ ደርቦ፣
ሙታንታውን ከሱሪው በላይ አጥልቆ፣ ተውቦ።
«ሚዜዎቹ የታሉ?» አልኳት ሙፊዳን፣ ቀስ ብዬ፣
ካባ የማውቀው በሙሽራ ላይ ነው፤ ምን ላድርግ፣ እናንተዬ!

ስሙ መብረቅ ነው አሉ። መብረቅ እኔ የማውቀው
ሳይናገር ይወርዳል፤ ዛፉ ሲከስል ነው ሰው የሚያውቀው።
ይሄኛው ግን ያወራል። ጣሪያ ጫፍ ቆሞ ያወራል።
እናቱ ሞታ ያወራል፤ አባቱን ከሶ ያወራል፤
ሌባው ከተማዋን ይዞ ሲሄድ እንኳ «ቆይ» ብሎ ያወራል።
በኛ አገር ቢሆን አንድ ዘራፍ ይበቃዋል፣
ሁለት ስንኝ ፎክሮ ሦስተኛው ላይ ይመታዋል፤
የዚህ ፉከራ ሰዓት ሙሉ ነው፤ ጠላቱን ራሱን ያዛጋዋል።

ትርጉሙ በአረብኛ ከስር ከስር ሲሮጥ አየሁት፣
ፊደሉን በቁርዓን ቤት፣ ቋንቋውን ሦስት ዓመት በማዳም ወጥ ቤት ለቀምኩት።
«ተዓሊ»፣ «ጂቢ»፣ «የላ»፣ «ሹፊ፣ ይኸው አቧራ!»
አንዷም ከአፉ አልወጣች፤ ሰውየው ቤት የለው? የለበትም ሥራ?

ከዚያ በረረ። ያለ ፍተሻ፣ ያለ ኢቃማ፣ ያለ ቪዛ፣
ባሕር ተሻገረ፣ ደመና ሰነጠቀ፣ እንዲሁ እንደ ዋዛ።
እኔ ለአራት ሰዓት በረራ፤ አሻራ፣ ደም፣ ሰልፍ፣ ደላላ፤
አባቴ አንድ ወይፈን ሸጠ፤ አልበቃም አሉት፣ ሸጠ ሌላ።
ለካ ካባ ማሰፋት ነበር።

ክፉው ሰውዬም ቀላል ነው፤ ሳቁ እንጂ ክፋቱ የረገፈ፣
ፓስፖርት ወስዶ መሳቢያ ውስጥ እንኳ አልቆለፈ።

ተደባደቡ ደግሞ። ፎቅ በፎቅ ላይ ተናደ፣
ሰባ ወለል መስታወት እንደ በረዶ ወረደ።
ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ፣
«ማን ሊጠርገው ነው?» አልኩ።
ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፤ ከፊቴ ያለው ሰው ዞረ።
እውነቴን እኮ ነው፤ መጥረጊያ ይዞ ማን ቀረ?
እኔ አንድ ብርጭቆ ብሰብር ከደሞዜ አሥራ አምስት ተቀነሰ፤
ይሄ ከተማ ሙሉ ሰብሮ፣ ካባውን አራግፎ ተመለሰ።

እና... ምን ልበላችሁ... ወንበሩ ወደ ኋላ ይለጠጣል።
ቅዝቃዜው የኩታበር ሌሊት ነው። ጨለማው ደግ ነው።
ስሜን የሚጠራ የለም፣
ልጅ አያለቅስም፣ ደወል አይደወልም።
ዓለም ልትጠፋ ሦስት ደቂቃ ሲቀራት
ተኛሁ።
የሦስት ዓመት እንቅልፍ፣ ፈንዲሻዬን ታቅፌ ተኛሁ።
(አንኮራፋሽ ያለችው ሙፊዳ ናት፤ እኔ አላመንኩም።)

ስነቃ መብራቱ በርቷል፤ ስም ከታች ወደ ላይ ይፈስሳል፤
ሺህ ስም! ሺህ ሰው ተሰብስቦ እንዴት ባንድ ላይ ይሳሳታል?
አንድ የኔፓል ልጅ በየወንበሩ ስር ይጠርጋል፤
«ዓለም ዳነች?» አልኩት፣ እግሬን አንስቼለት።
ቀና እንኳ ሳይል፣ «በቀን አራቴ ትድናለች» አለኝ፣
«እኔም አራቴ እጠርጋለሁ።»

ሙፊዳ ተናዳለች፤ «አርባ አምስት ድርሃም ለእንቅልፍ!»
እንዲያውም ረከሰ አልኳት፤ ዓለምም እንደሁ ትትረፍ።
ፊልሙማ አልጫ ነው፤ ጨው የረሱት አልጫ፣
ጀግናውም ጀግና አይደል፤ የከንፈር ሩጫ።
ግን ሁለተኛው ክፍል ለዒድ ይወጣል ብለው በር ላይ ለጥፈዋል፤
ቁረጪልን፣ ሙፊዳ።
ጋቢ እኔ ይዤ እመጣለሁ። እሱ እንደሁ ያወራል።