አመድ አፋሽ

ሁለት ቀን ጠበቀች ኢቬት፣ እስኪበርድ፤
ሸክላ ልቡ ሩቅ ነው፣ በላዩ ቀዝቅዞ በሆዱ የሚነድ።
አምና ቸኩላ ነው ትኩሱን ያፈሰች፣
ባልዲ ውስጥ የተኛች ፍም ሳታስተውል
የጋራዡን በር ግማሹን በእሳት ያስላሰች።

ዛሬ ግን በማለዳ፣
የቨርሚሊየን ወንዝ ጭጋግ ገና ጓሮውን ሳይከዳ፣
ክዳኑን ከፈተች፤
እንደ ትልቅ እንቁላል ወገቡ ላይ የተገመሰውን፣ አረንጓዴውን፣
አባቷ «እሜቴ» እያለ ሠላሳ ዓመት ያገለገለውን።

ሆሊስ በረንዳው ላይ፣ ባለጎማው ወንበር ላይ፣
ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደ ተጣለ ጓንት፣
ከቃላቱ ሁሉ አንዲቷን አስቀርቶ
የቀሩትን ሁሉ ደም ግፊት ዘርፎት፤
የተረፈችው ቃል፦ «ገና»።

«ገና» ነበር ድሮም፣ ሥጋ ሲገላበጥ፣
ሰው ሰሃኑን ይዞ ዙሪያውን ሲቁነጠነጥ።
የሠርግ ድንኳን ሙሉ ሰው በአንዲት ቃል ታስሮ፣
ሙሽራው ኮት አውልቆ፣ ሚዜው ክራባቱን አሽቀንጥሮ፣
ቄሱም ምራቅ ሲውጡ፦ «ገና»።
ከዚያ ጭብጨባ ነው፤ ከዚያ «ሆሊስ! ሆሊስ!»
ማግስቱን ማን አየ፣ ኢቬት ባልዲ ይዛ ብቻዋን ስትመለስ?

ሥጋው የአባት ነበር፤ አመዱ የልጅ።
ማን ብሎ ያውቃል፦ «ይባረክ፣ አመድ የዛቀው እጅ»?
አጎቷ ክሊታስ፣ ቢራ ሲያናግረው፣
«የእሳት ልጅ አመድ!» ብሎ ድንኳኑን አሳቀው።
አባቷ ሰምቶ ዝም አለ። ዝምታውን ነው ያልረሳችው።

አሁን ክርኗ ድረስ ገብታለች በሆዱ፤
ያላለቁ ከሰሎች፣ ነገ የሚነዱ፣
ለብቻ ተቀመጡ፤ ከታች ነው ጉዱ።
ከፍርግርጉ ሥር፣ ጥፍር በማይገባው፣
ሦስት ቅዳሜ የከረመ፣ የመስከረም ዝናብ የለወሰው
አመድ፣ እንደ ሊጥ ረግቶ፣ ቀዳዳውን ደፍኖ፤
ምድጃው አየር አጥቶ፣ አፍንጫው ታፍኖ።

እሑድ ለት እሳቱ እምቢ አለ።
ክሊታስ ከሰሉን ሰደበ፤ ሻጩን ሰደበ፤ ደመናውን ሰደበ፤
ቤንዚን ሊያርከፈክፍ ሁሉ አሰበ።
እሷ ግን ታውቃለች የእሳትን ማደሪያ፦
ከከሰሉ በታች ያለች ባዶ ቦታ፣
እንግዳ የማያያት፣ ስም የሌላት ጓዳ።

ቆሰቆሰች። ጫረች። ዛቀች።
የዶሮ አጥንት ወጣ፤ የከሰለ ቡሽ፤ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍ።
አመድ በዱቄት ይስቃል ይባላል፤
ይሄኛው ግን በማንም አልሳቀ፤
ዝም ብሎ ባልዲው ውስጥ፣ ሽበት መስሎ ወደቀ።

«ገና» አለ አባቷ።
ሁለተኛ ባልዲ ሞላች፤ ከበለሱ ሥር ደፋች።
«ገና»።
«ምን ገና? አለቀ እኮ!» አለች፤
ላቧን በአይበሉባዋ ስትጠርግ ግንባሯን አመድ ቀባች፤
የጾም መግቢያ ረቡዕን ቄስ አልባ አከበረች።

ግራ እጁ ተነሳ።
እየተንቀጠቀጠ፣ አየሩን እየዳሰሰ፣
ጣቱ ከኋላ ጥግ፣ ስንጥቁ ጋ ደረሰ።
ስንጥቁን!
የሷ ምስጢር ነበር፤ በዓሥራ ሁለት ዓመቷ፣
በባልዲ ጠርዝ አላግታ፣ በአመድ ለስና የሸፈነችው፤
ሰው አላወቀባትም፤ እንዲያ ነበር እምነቷ።

እጇን ሰደደች። አለ፦ አንድ ቀዳዳ፣ የመጨረሻው፣
ከስንጥቁ አጠገብ፣ ምስማር የተሰነቀረበት፣ አመድ ያጠነከረው።
ነቀለችው።
ክብሪት ጫረች፤ ከታችኛው በር አፍ ላይ ያዘችው፤
ነበልባሏ ጎንበስ አለች፣ ወደ ውስጥ፣
ዝቅ ባለ በር እንደሚገባ ሰው።

ተነፈሰ።

«ታውቅ ነበር?» አለች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው።
«ያን ሁሉ ዓመት?»
መልስ አልመጣም። ዞር አለች።
ሆሊስ በግማሽ ፊቱ እየሳቀ ነበር፤
በሌላው ግማሽ ምን እንደሆነ አይታወቅም፤
«ገና» አለ፤ ሌላ ሊል ፈልጎም ሊሆን ይችላል፣
ያለችው ቃል ግን እሷው ናት።

ያላለቁትን ከሰሎች መልሳ ደረደረች፤
ትልልቆቹን ከታች።